«ባይጠቅምም አይጎዳም»

በፊዚዮቴራፒ ስለሚሰጠው የአልትራሳውንድ ሕክምና ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ ተከላካዮቹ መውጫ ሲያጡ የሚሸሸጉባት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፦ «ባይጠቅምም አይጎዳም»። ዓመታት በትምህርት ያሳለፈ ባለሙያ፣ ታካሚውን ገንዘብና ጊዜ ለሚያስወጣ ሕክምና ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ ማጣቱ ያስገርማል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ መከራከሪያው ከራሱ ትምህርት ጋር መጋጨቱ ነው።

የዚህ ሕክምና መሣሪያ ፅንስን ለማየት ከሚያገለግለው የተለየ ሲሆን፣ በእጅ በሚያዘው ክፍሉ ውስጥ ያለው ክሪስታል ኤሌክትሪክ ሲያገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 1 ወይም 3 ሚሊዮን ጊዜ እየተርገበገበ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማውን የድምፅ ሞገድ ወደ ሰውነት ይልካል። ሞገዱ በአየር ውስጥ ስለማያልፍ ቆዳው ጄል ይቀባል፤ ባለሙያውም መሣሪያውን በሕመሙ ቦታ ላይ እያዞረ ለጥቂት ደቂቃዎች ያሻል። ሞገዱ ከቆዳ በታች ያለውን ጅማትና ጡንቻ ያሞቃል፣ የሕዋሳትንም ሥራ ያነቃቃል ይባላል። ይኸው ባለሙያ ግን ተማሪ ሲያስተምር፣ በነፍሰ ጡር ማሕፀን፣ በዓይንና በካንሰር ዕጢ ላይ እንዳይሞከር፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሞም እንዳያቃጥል አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ዕጢን ያባብሳል ተብሎ የሚፈራ ኃይል ክሊኒክ ሲገባ በምን ተአምር ገራም እንደሚሆን የሚያስረዳ አልተገኘም። መሣሪያው ወይ ይሠራል፣ ስለዚህም ሊጎዳ ይችላል፤ ወይ በዚያ መጠን ምንም አይሠራም፣ ያን ጊዜም አለመጉዳቱ ሙገሳ ሊሆነው አይችልም።

ታካሚው ሞገዱ መኖር አለመኖሩን በቆዳው ለይቶ አያውቅም፤ ባለሙያዎች ራሳቸው መሣሪያው መሥራቱን የሚፈትሹት ጫፉ ላይ ውሃ ጠብ አድርገው ሲንቀጠቀጥ በማየት ነው። ይህም ለተመራማሪዎች ተመችቷቸዋል፤ መሣሪያው ጠፍቶ የሚታሸውን ሰው ከበራለት ሰው ጋር ማወዳደር ቀላል ነውና። በ1986 (እ.ኤ.አ.) በታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት፣ የመንጋጋ ጥርሳቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሰዎች መሣሪያው ምንም ሞገድ ሳያወጣ ታሽተውም እብጠታቸው ስለቀነሰ፣ አጥኚዎቹ ውጤቱን በዋናነት ለፕላሴቦ፣ ማለትም ታካሚው «ታከምኩ» ብሎ በማመኑ ለሚያገኘው መሻሻል፣ ሰጥተውታል። በ2001 ሮበርትሰንና ቤከር የተባሉ ተመራማሪዎች 35 ጥናቶችን መርምረው ዘዴያቸው ተቀባይነት ያለው 10 ብቻ ሆነው ሲያገኟቸው፣ ከነዚህም መሣሪያው ከጠፋው ማሽን መብለጡን ያሳዩት 2 ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ፣ ዛሬም እንደ ጋሻ የሚነሣው የቪየናው የትከሻ ጥናት፣ ጅማታቸው ውስጥ ካልሲየም መጠራቀሙ በራጅ ለተረጋገጠ ሰዎች 24 ጊዜ፣ በየጊዜውም 15 ደቂቃ የተሰጠ ሕክምና ሲሆን፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ በሕመም ስሜት ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። ይህን ጥናት እየጠቀሱ፣ ራጅ ያልተነሣውን ሁሉ ለአምስት ደቂቃ ጄል ቀብተው የሚሸኙት ሰዎች ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ማንበባቸው ያጠራጥራል።

የብሪታንያው የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2016 ለወገብ ሕመም አልትራሳውንድ እንዳይሰጥ ሲያዝ፣ የአሜሪካ የፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ቀደም ብሎ በ2014፣ ታካሚው ተኝቶ የሚቀበላቸው እንዲህ ያሉ ሕክምናዎች ራሱ ለሚሠራው እንቅስቃሴ ካላገዙ በቀር እንዳይሰጡ መክሯል። ምክንያቱም ታካሚው መዳኑ ከማሽኑ እንደሚመጣ ካመነ እንቅስቃሴውን ይተዋል፤ የሚታከምበት ሰዓትም ውሱን በመሆኑ፣ ለጄሉ የዋለው ደቂቃ የሚቀነሰው ጉልበቱን ከሚያጠነክርበት፣ በቤቱም የሚሠራውን ከሚማርበት ደቂቃ ላይ ነው። «አይጎዳም» ባዮቹ ይህን ጉዳት የማይቆጥሩት በቆዳ ላይ ቃጠሎ ሆኖ ስለማይታይ ይመስላል።