የገና ጌጥ የሚወርድበት ቀን ይታወቅ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ገና ጌጥ አሰቃቀል የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ ስለ አወራረዱ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህችን አጭር አሳቤን ለአንባብያን እንዲያቀርቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በከተማችን ሱቆች፤ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች የገና ዛፍ ማቆም የተለመደ ሆኗል። በዚህ ነቀፋ የለኝም። የሚያሳዝነኝ ጥምቀት አልፎ፤ አንዳንድ ጊዜም ዐቢይ ጾም ገብቶ፤ ጥጡ አቧራ እንደ ለበሰ፤ አምፖሉም ሲበራና ሲጠፋ መታየቱ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ዛፉ የውጭ አገር ልማድ ስለ ሆነ ወረደ አልወረደ ምን ቸገረን?» ይላሉ። እኔ ግን ልማድ የተዋሰ ሰው ከነሥርዓቱ ሊዋስ ይገባዋል እላለሁ። የገና ዛፍ ከጀርመን አገር የተነሣ ሲሆን፤ እንግሊዞች በሰፊው የያዙት በ1848 እ.ኤ.አ. የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ ሰብ በዛፉ ዙሪያ ሆኖ የሚያሳይ ሥዕል በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው። እነዚህ ሕዝቦች ዛፉን የሚያወርዱበት ቀን አላቸው። እንግሊዞች ከልደት 12 ቀን ቈጥረው ጃንዋሪ 5 ወይም 6 ያወርዳሉ፤ ያሳለፈ ሰው ክፉ ዕድል ያገኘዋል ይባላል። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ በመሆኔ በዕድል ነገር አላምንም፤ ሆኖም ከአባባሉ በስተጀርባ ያለው ጥበብ አይጠፋኝም። ስዊድናውያን ደግሞ ጃንዋሪ 13 ቀን ልጆችን ሰብስበው፤ በዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን ጣፋጭ አብልተው፤ ዘፍነው ዛፉን ያስወጣሉ። ማውረዱ ራሱ ደስታ ሆኖላቸዋል።

እኛ ቀን ለመዋስ እንኳ አንቸገርም። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ያለው ልክ 12 ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ልደት በ28 ስለሚውል 13 ይሆናል። እንግዲህ የከተራ ዕለት፤ ጥር 10 ቀን፤ ከማንም የበለጠ ተስማሚ ቀን ነው። ታቦታቱ ወደ ውሃ ሲወርዱ መንገዱ ለጥምቀት ያጌጣል፤ አንዱ በዓል ለሌላው ቦታውን ቢለቅ ለሁለቱም ክብር ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሠጋ ነገር አለ። ለዛፉ ብለው ጽድ የሚቈርጡ ሰዎች አሉ። ጽድ የአገራችን ዛፍ ነው፤ እድገቱም ዝግ ያለ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ጌጥ ለጋውን መቍረጥ ደግ ሥራ አይደለም። የተቈረጠውም ሲደርቅ እሳት እንዴት እንደሚቀበል ምድጃ የምታነድ እናት ሁሉ ታውቃለች። በደረቀ ጽድ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ጠምጥሞ እስከ የካቲት መተው በገዛ ቤት ላይ ክብሪት እንደ ማስቀመጥ ነው። ብልጭልጩ ፕላስቲክም በየቦዩ ሲጣል ክረምት ሲገባ የውሃውን መንገድ ይዘጋል።

መምህር እንደ መሆኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የልጆቹ ነገር ነው። ክፍል ሲያጌጥ ወረቀት የሚቈርጠው፤ ወንበር ላይ የሚወጣው፤ የሚስቀው አርባ ተማሪ ነው። ሲወርድ ግን ብዙ ጊዜ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ብቻዋን መሰላል ላይ ቆማ ምስማር ትነቅላለች። ሰቃዩ ብዙ፤ አውራጁ አንድ ሲሆን ያየ ልጅ «ደስታው የእኔ፤ ድካሙ የሌላ ሰው ነው» የሚል ትምህርት ይዞ ይወጣል። ይህን ትምህርት በኋላ በፈተና ልናስጥለው አንችልም።

ስለዚህ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፤ ጌጥ የሚሰቅል መሥሪያ ቤት ሁሉ በከተራ ዕለት ያውርድ። ሁለተኛ፤ የሰቀለው ሰው ራሱ ያውርድ፤ የሚቀመጠውንም ለከርሞ በሥርዓት ያስቀምጥ። ሦስተኛ፤ እርጥብ ዛፍ የሚወድ ሰው ጽድ በገንቦ ተክሎ ያሳድግ እንጂ አይቍረጥ።

በዓል የሚከበረው በደስታ በመቀበል ብቻ ሳይሆን በአግባቡ በመሸኘትም ጭምር ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ