ትንሽ ከተማም ሒሳቧን ትወቅ





ስለ ከተማ አስተዳደር ሲጻፍ ዘወትር የሚነሡት አዲስ አበባና አዳማ፣ ቢበዛም አሰላ ናቸው። እኔ የምጽፈው ስለምኖርባት ስለ አርቦዬ ነው። አርቦዬ በአርሲ የጀጁ ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት። ወረዳው በደቡብ ከሱዴ፣ በሰሜንና በምሥራቅ ከመርቲ ጋር ይዋሰናል፤ በሰሜን ምዕራብ በኩል ግን መሬቱ እያዘቀዘቀ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ ደገኛውም ቆለኛውም ጉዳዩን ለማስፈጸም የሚመጣው ወደዚህችው ከተማ ነው።

በእንዲህ ያለች ከተማ ሁለት ቤቶች አሉ። አንዱ የወረዳው መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ወረዳዎች ከክልሉ የበጀት ድጎማ ይሰጣቸዋል፤ አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። የቦይ፣ የገበያ ቦታ፣ የቄራና የጽዳት ነገር ግን ባመዛኙ የተጣለው ማዘጋጃ ቤቱ ከቦታ ኪራይ፣ ከገበያና ከልዩ ልዩ አገልግሎት በሚሰበስበው ገንዘብ ላይ ነው። ይህ ገንዘብ ከነዋሪው ኪስ የወጣ ነው። ታዲያ ስንቶቻችን ነን በዓመቱ መጨረሻ ምን ገባ፣ ምን ወጣ ብለን የጠየቅን?

ከዓመታት በፊት በሌላ የወረዳ ከተማ ስሠራ የዓመቱን የከተማ ሒሳብ ለማየት ብጠይቅ፣ «ለምን ፈለግኸው?» የሚል ጥያቄ ብቻ ተመለሰልኝ። ሒሳቡ ጉድለት ነበረበት አልልም። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ እንደ ነውር መቆጠሩ አሳዘነኝ።

ሕግ አጥተን አይደለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ማዘጋጃ ቤቶችን አቋቋመ። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን ያስተዳድሩ የሚል ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጣ፤ ፓርላማው ስላላጸደቀው ግን ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ የከተማ ቀበሌዎችን መሠረተ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዘዘ። የኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 65 ከተሞችን በደረጃ ከፍሎ የሚተዳደሩበትን ደነገገ። እንግዲህ አዋጁ ሲለዋወጥ ሰማንያ ዓመት አልፏል፤ ያልተለወጠው የነዋሪው ዝምታ ነው።

«ከተማችን ትንሽ ናት፤ ምን አቅም አላት?» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ ኡትሲራ የምትባለውን የኖርዌይ ደሴት ልጥቀስላቸው። በሰሜን ባሕር ላይ ያለች፣ ስፋቷ ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሕዝቧም ሁለት መቶ ገደማ የሆነ ደሴት ናት። ሆኖም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1924 ጀምሮ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ በጀት ያላት ማዘጋጃ ናት። በ1925 ምርጫ ከአሥራ ሁለቱ የምክር ቤት አባላት አሥራ አንዱ ሴቶች ሆኑ፤ አዋላጇ ኦሳ ሄልገሰንም በ1926 በኖርዌይ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነች።

«ኖርዌይ ሀብታም ናት» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን የአካባቢ አስተዳደር ሕጓ የወጣው በ1837 ነው፤ ያን ጊዜ አብዛኛው ሕዝቧ ችግረኛ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ብዙው ኑሮ ሲከብደው ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በመጀመሪያ የመምረጥ መብት የነበራቸውም ባለ ንብረትና ባለ ሥልጣን የሆኑ ወንዶች ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ልማዱ ከሀብቱ ቀደመ እንጂ ሀብቱ ልማዱን አልቀደመም።

ደግሞስ ትምህርቱን ከባሕር ማዶ ብቻ ለምን እንፈልጋለን? በገዳ ሥርዓት ጉባኤው በዛፍ ጥላ ሥር፣ በአደባባይ ይመክራል፤ ሥልጣንም በስምንት ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። በአደባባይ መነጋገር ለአርሲ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማዘጋጃ ቤት ሁሉ በየዓመቱ ገቢውንና ወጪውን ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ በአንድ ወረቀት ጽፎ በበሩ ላይ ይለጥፍ፤ በገበያ ቀንም ማንበብ ለማይችለው ያስነብብለት። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ክፉ ተረት የሚሽረው ከቁጣ ይልቅ እንዲህ ያለው ወረቀት ነው። ሐቀኛውንም ሹም ከሐሜት ያድነዋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ እኛ በአነስተኛ ከተማ ስንመደብ ዝውውር እስኪመጣ እንደሚያድር መንገደኛ እንቀመጣለን። ሒሳብ ማንበብ የምንችለው ግን እኛው ነን። ስለዚህ በያለንበት ማዘጋጃ ቤት ሄደን ወረቀቱን በትሕትና እንጠይቅ። ጥያቄው ሲለመድ ነውርነቱ ይቀራል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአርቦዬ