«የማይበላሽ» የተባለው ድምፅ ማጉያ

ስለ ድሮ የቤት ድምፅ ማጉያ ወይም በተለምዶ ስፒከር ስለሚባለው ዕቃ በተነሣ ቁጥር በሰሜን ወሎም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል የሚሰማው አስተያየት «የድሮ ዕቃ አይበላሽም» የሚል ነው። አባባሉ ውዳሴ ቢመስልም ዕቃውን ክፉኛ የጎዳው እርሱ ነው፤ አይበላሽም ተብሎ የታመነ ነገር በተበላሸ ዕለት ዕድሜው እንዳበቃ ይቆጠራልና፣ የሚጠግነው ሰው ከመፈለግ ይልቅ ለቁራሌው ወይም ለልዋጭ መስጠት ይቀናል። በደሴና በወልድያ መካከል በዋናው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው መርሳ፣ በቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሰው ዓመታት ያስቆጠሩና አንዳንዶቹም ከጂዳና ከሪያድ በተመለሱ ሰዎች ጓዝ የገቡ ባለሁለት ሳጥን ቴፖች ከየሳሎኑ የሚወጡት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልድያና በሀብሩ ወረዳ በደረሰው ጦርነትና ዝርፊያ ብዙ ቤት ንብረቱን ባጣበት አካባቢ፣ የተረፈውን በገዛ እጅ መጣል ይበልጥ ያሳዝናል።

ለመጣሉ የሚሰጠው ሌላው ምክንያት «ዘመን አልፎበታል» የሚለው ሲሆን፣ ይህም ከዕቃው አሠራር ጋር አይገጥምም። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች በ1925 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ንድፍ፣ ማለትም በማግኔት ክፍተት ውስጥ የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል (ኮይል) ከሾጣጣ ወረቀት (ኮን) ጋር ተጣብቆ አየሩን የሚገፋበት ዘዴ፣ ዛሬ በብሉቱዝ በሚሠራው ትንሽ ስፒከር ውስጥም ያለው ነው። ማግኔት በአግባቡ ከተያዘ ለአሥርት ዓመታት ጉልበቱ እምብዛም አይቀንስም፤ የመዳብ ሽቦም ካልተቃጠለ በዕድሜ ብቻ አይሞትም፤ የሚያረጀው ኮኑን ዙሪያውን ከብረት ክፈፉ ጋር የሚያያይዘው ተጣጣፊ ጠርዝ ነው።

«የድሮ ሁሉ ጠንካራ ነው» የሚለው እምነት ስሕተትነቱ የሚጋለጠውም በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። አኩስቲክ ሪሰርች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤድጋር ቪልቸር በቀየሰው ዘዴ፣ በታሸገ ሳጥን ውስጥ ያለውን አየር እንደ ሞላ በመጠቀም፣ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስመ ጥር ድምፅ ማጉያዎችን ሲሠራ መጀመሪያ ለጠርዙ የተቀባ ጨርቅ ይጠቀም ነበር፤ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ግን ወደ ስፖንጅ ዞረ። ጨርቁ ዛሬም ሥራ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ስፖንጁ ግን ከአየሩ እርጥበት ጋር እየተዋሐደ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ይፈራርሳል፤ በጣት ሲነኩት ቡናማ ሆኖ እንደ ርጥብ ትቢያ እየተጣበቀ ይረግፋል። ስለዚህ ኩባንያው አንድ፣ ዘመኑም የተቀራረበ ሆኖ ሳለ ዕድሜን የወሰነው የተመረጠው ቁስ ነው። ጠርዛቸው ከኮኑ ጋር አንድ ወረቀት የሆነ የቆዩ የእንጨት ሳጥን ራዲዮዎች ከእነርሱ በኋላ የመጡትን ባለስፖንጆች በዕድሜ የሚበልጧቸውም ለዚህ ነው።

በገበያው በኩል ደግሞ ከዚህ የከፋ ማታለያ አለ፤ እርሱም በአዲስ ስፒከር ካርቶን ላይ በትልቁ የሚታተመው የዋት ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ «ፒኤምፒኦ» ከሚሉት ፊደላት ጋር የሚጻፈው ይህ ቁጥር መሣሪያው ለቅጽበት ብቻ ያወጣዋል ተብሎ የተገመተ ኃይል ከመሆኑም በላይ፣ አለካኩ ስምምነት የተደረሰበት ደንብ ስለሌለው ሻጭ የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላል። ከዚህ ይልቅ መጠየቅ የሚገባው የድምፅ ማጉያው ንቃት ነው፤ ይህም አንድ ዋት ኃይል ሲገባለት በአንድ ሜትር ርቀት የሚሰጠው የድምፅ መጠን ሲሆን በዴሲቤል ይለካል። ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል ብቻ በመሆኑ፣ ንቃቱ 90 ዴሲቤል የሆነ አሮጌ ሳጥን በአንድ ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ለማውጣት 84 ዴሲቤል ያለው አዲስ መሣሪያ አራት ዋት ያስፈልገዋል። ይህን ልዩነት የሚነግር ካርቶን በመደብር መደርደሪያ ላይ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የድምፅ ማጉያ ምርጫ ክብደት በወሎ ከሌላው ቦታ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። መንዙማ በሰው ድምፅ፣ በድቤና በጭብጨባ የሚቆም ዜማ ነው፤ አምባሰልም ሆነ ባቲ፣ ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች ጋር የሚጋሩት ቅኝቶች፣ በማሲንቆ ሲጫወቷቸው የሚሰሙት በአንድ የጭራ ክር ላይ በሚንሸራተት ጥቃቅን የድምፅ ልዩነት ነው። ይህ ሁሉ የሚኖረው በመካከለኛው የድምፅ ክልል ሲሆን፣ ትልቅ የወረቀት ኮን በደረቅ እንጨት ሳጥን ውስጥ ሆኖ አጥርቶ የሚያሰማውም ይህንኑ ክልል ነው። ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ እንዲያስገመግም የተሠራ ርካሽ የፕላስቲክ ሳጥን ግን ድቤውን አሳብጦ የአቀንቃኙን ቃል ይውጠዋል፤ ቃሉ ያልተሰማ መንዙማ ደግሞ ውዳሴነቱም ትምህርትነቱም ቀርቷል።

አዲሱ መሣሪያ መብራት ሲጠፋ በባትሪ መሥራቱ፣ መብራት በሚቆራረጥባቸው ከተሞች የማይናቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ባትሪው፣ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ሽፋን ውስጥ በሙጫ ስለሚታሸጉ፣ ባትሪው ሲደክም ደህናው ክፍል ሁሉ አብሮ ይጣላል። አሮጌው ሳጥን በብሎን የሚፈታ ስለሆነ ጠርዙን ብቻ፣ ወይም ከፍተኛውን ድምፅ ለይቶ ለትንሹ ስፒከር የሚያሳልፈውንና በዘመን ብዛት የሚደርቀውን ካፓሲተር ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ዘላቂነቱም ከዚህ የመጣ እንጂ ከአይበላሽነት አይደለም።

ተሞክሮ ሳይታይ የተጣለ ድምፅ ማጉያ ሞቷል ሊባል አይችልም፤ ሙከራውም ቀላል ነው። ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ ተነጥሎ ሁለቱ ሽቦዎች በአንድ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ጫፎች ላይ ለቅጽበት ሲነኩ ኮኑ ዘለል ብሎ «ጧ» ካለ ሽቦው አልተቃጠለም፤ ቀጥሎ ኮኑ በሁለት እጅ ጣቶች ከግራና ከቀኝ እኩል ተጭኖ ወደ ውስጥ ሲገባ የመፋቅ ድምፅ ካልተሰማ ጥቅሉ ከመሃሉ አልተዛነፈም፤ ጠርዙ ረግፎ እንኳ ቢገኝ የቀረው ሥራ አሮጌውን ስፖንጅና ሙጫ ጠርጎ በልኩ የተቆረጠ ስስ ጨርቅ ወይም ላስቲክ መለጠፍ ነው፤ ይህም ለአንድ የመርሳ ራዲዮ ጠጋኝ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።