ስለ ተደበቀው የሴቶች ሕመም

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህ ጉዳይ በጋዜጣ ሲነሣ ነውር የሚመስለው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት አባቶቻችን ስለ ሆኑ፣ ጥቂት ቃል እንድናገር እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሐኪሞች ሊከን ስክሌሮሰስ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሴትን ኀፍረተ ሥጋ የሚይዝ የቆዳ በሽታ አለ። በማንኛውም ዕድሜ ይመጣል፤ ይልቁንም የወር አበባቸው በተቋረጠ ሴቶች ላይ ይበዛል። ሌሊት እንቅልፍ እስኪነሣ ድረስ ያሳክካል፤ ቆዳው ይነጣል፣ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል። ሳይታከም ሲቆይም ጠባሳ እየሆነ የብልትን በር ያጠብባል። ያን ጊዜ ከባል ጋር መገናኘት ደስታነቱ ቀርቶ ሥቃይ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ጉዳቱ ወደ ትዳር ይገባል። ሚስት አፍራ ዝም ትላለች፤ ባል «ጠላችኝ» ይላል፤ ወይም «ከሌላ ያመጣችው ነው» ብሎ ይጠረጥራል። እውነቱ ግን በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የአባላዘር በሽታም አይደለም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። ፈጽሞ ባይጠፋም፣ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ብርቱ ቅባት በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ወራት ሲቀቡት፣ ከዚያም እየቈዩ ሲደግሙት ይገታል። ቸል ከተባለ ግን በጥቂቶቹ ላይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል።

እኔ የማስተምረው ከጓሳ አጠገብ ነው። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለብዙ ዘመን የጠበቀ፣ መቼ እንደሚታጨድም ተሰብስቦ ሲመክር የኖረ ነው። ስለ ሣር እንዲህ የሚመክር ሰው ስለ ሚስቱ ሕመም ከራሷ ጋር እንኳ አለመምከሩ አያሳዝንምን? የፊስቱላ ሕመምተኞችም በጓዳ ተደብቀው ይኖሩ ነበር። በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ሕክምናውን ካስፋፉ ወዲህ ግን የሕመሙ ስም በአደባባይ ተነገረ፤ ብዙ ሴቶችም ዳኑ።

ስለዚህ የጤና ቢሮዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህንንም እንዲያስተምሩ ቢያደርጉ፤ በጤና ጣቢያም ሴቲቱ ሳትመረመር የማሳከክ መድኃኒት ብቻ ተሰጥቷት እንዳትመለስ፣ የምትመረምራትም ሴት ባለሙያ እንድትሆን ቢታሰብበት መልካም ነው። እናንተም ደመወዝተኞች ወንድሞቼ፣ ባለቤቶቻችሁን ያለ ጥርጣሬ ጠይቋቸው፤ ወደ ሐኪምም አብራችኋቸው ሂዱ። የሚያሳፍረው መታመም ሳይሆን፣ መድኃኒት እያለ በዝምታ መሠቃየት ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከጓሳ (መንዝ)