የሠዓሊው ነጋድራስ ገቢና ወጪ

ዘጌ ሞፈርና ቀንበር የማይገባበት አገር መሆኑ የታወቀ ነው። ሕዝቡ ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ቀድሞ በታንኳ፣ ዛሬ ደግሞ በሞተር ጀልባ ወደ ባሕር ዳር አሻግሮ እየሸጠ ይኖራል። ከዚህ የገበያ አገር የወጡት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ግን በሁለት ወገን ይታወሳሉ። አንዱ ድርሰታቸውን ብቻ አንሥቶ ያመሰግናል፤ ሌላው በጠላት ዘመን የሠሩትን ብቻ አንሥቶ ስማቸው እንዳይጠራ ይፈልጋል። ሁለቱም የመዝገቡን ግማሽ ገጽ ብቻ አንባቢዎች ናቸው።

በመጀመሪያ ገቢው ይቆጠር። አፈወርቅ በ1868 እ.ኤ.አ. በዘጌ ተወለዱ። አስቀድሞ በእጃቸው ሙያ የታወቁ ሠዓሊ ነበሩ፤ ጥበባቸውንም በኢጣልያ አገር አሻሻሉ። ኋላ በናፖሊ ከተማ አማርኛ አስተማሩ። በ1908 እ.ኤ.አ. በሮማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መጽሐፍ ሆኖ ይቆጠራል። ወደ አገራቸውም ተመልሰው በባቡር ከተማይቱ በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ነጋድራስነት ቀረጥ ከመሰብሰብ አልፎ የነጋዴውን ክርክር መዳኘትንም የያዘ ሹመት ነበር። በመጨረሻም በሮማ የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚ እስከ መሆን ደረሱ።

ወጪው ግን ከባድ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስትወር አፈወርቅ ከወራሪው ጎን ተሰለፉ፤ «አፈ ቄሣር» የሚለውንም ማዕርግ ተቀበሉ። ከነፃነት በኋላ ተፈርዶባቸው በ1947 እ.ኤ.አ. በጅማ በግዞት ሞቱ።

የሚያሳዝነው ነገር እነሆ። በዚያ በድርሰታቸው ውስጥ አንድ ነጋዴ ለማያውቀው ምርኮኛ የቤዛ ገንዘብ ይሰጣል፤ የምርኮኛውም ልጅ ያን ባለውለታ ፍለጋ ከቤቱ ይወጣል። ውለታ የማይረሳ ዕዳ መሆኑን እንዲህ አሳምረው የጻፉ ሰው፣ በሹመት ያመነቻቸውን አገር በመከራዋ ቀን ከዷት።

«ያስተማራቸው ኢጣልያ ነውና የኃይሉን ብዛት አውቀው ነው» የሚል አይጠፋም። ይህ ምክንያት ሚዛን አይደፋም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም አውሮፓን አይተዋል፣ ብዙ መጻሕፍትም ደርሰዋል፤ ሆኖም በ1938 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በስደት ሞቱ እንጂ ለወራሪው አላደሩም። ዕውቀት ዕዳን ያከብዳል እንጂ አይሰርዝም።

የንግድ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ሃያ ዓመት በቀና ሚዛን የሸጠ ነጋዴ አንድ ቀን አደራ ቢበላ፣ የሃያው ዓመት ሥራ ሐሰት አይሆንም፤ አደራውም በዚያ አይካካስም። እንግዲህ የዘጌ ልጆች ስለ አገራቸው ሰው ሲማሩ ሁለቱም ገጽ ይነበብላቸው። የመታሰቢያ ጽሑፍም የሚቆም ቢሆን፣ ድርሰቱና ክሕደቱ በአንድ ድንጋይ ላይ ይጻፉ።