ለሦስት ወገን የተገባ ቃል፦ ሰር ማርክ ሳይክስ ማን ነበር?

በሜይ 2025 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በቱርክ የአሜሪካ አምባሳደርና የሶሪያ ልዩ መልዕክተኛ የሆኑት ቶም ባራክ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸው አንድ መልዕክት አስተላለፉ። ምዕራባውያን ከመቶ ዓመት በፊት በሳይክስ-ፒኮ ስምምነት ሶሪያንና አካባቢዋን የከፋፈሉት ለሰላም ሳይሆን ለራሳቸው ጥቅም እንደነበር፣ ስህተቱም እንደማይደገም ጻፉ። ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ አይ ኤስ በኢራቅና በሶሪያ ድንበር ላይ ያለውን የአፈር ክምር በቡልዶዘር ሲንድ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቅቆ የሳይክስ-ፒኮ ፍጻሜ ብሎት ነበር። የዋሽንግተን ዲፕሎማትና የሞሱል ታጣቂ በምንም ነገር አይስማሙም፤ በዚህ ስም ላይ ግን ተስማሙ።

በእኛም ዘንድ ስለ ፍልስጤም ወይም ስለ ሶሪያ ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህ ስም ሳይጠራ አይቀርም። ሰውየውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ሰውየውን ማወቅ ደግሞ በደሉ የቱ ጋ እንደነበር ለመለየት ይረዳል ብለን እናምናለን።

ማርክ ሳይክስ በ1879 ለንደን ተወለደ። አባቱ ሰር ታተን ሳይክስ በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ፣ ስሌድሚር በሚባል ስፍራ ሰፊ ርስት የነበራቸው ባላባት ናቸው። ማርክ አንድያ ልጃቸው ነበር። የወላጆቹ ትዳር ሰላም አልነበረውም። አባትየው ግን መንገደኛ ነበሩና ልጁን ገና በልጅነቱ ይዘውት በኦቶማን ግዛቶች ዞሩ። ካምብሪጅ ገብቶ ያለ ዲግሪ ወጣ፤ ከዚያም በደቡብ አፍሪካ በቦየር ጦርነት በመኮንንነት አገለገለ። ከጦርነቱ መልስ ወደ ለመደው ምሥራቅ ተመለሰ። በ1904 ስለ ጉዞው «ዳሩል ኢስላም» የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ቀጥሎም በኢስታንቡል በእንግሊዝ ኤምባሲ ሠራ። በ1911 የሃል ከተማን ወክሎ በወግ አጥባቂው ፓርቲ ስም ፓርላማ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ አባቱ ሲሞቱ ርስቱንም ሰር የሚያሰኘውን የቤተሰብ ማዕረግም ወረሰ።

ስሌድሚር ቤቱ ውስጥ እስከ ዛሬ የቱርክ ክፍል የሚባል አለ። አሠራሩ በኢስታንቡል የኒ ጃሚ መስጂድ ከሚገኘው የሱልጣኖች ማረፊያ የተቀዳ ነው። የግድግዳውን ንጣፍ ሸክላ የሠራው ዴቪድ ኦሃኔሲያን የተባለ የኩታህያ አርመናዊ ባለሙያ ነበር። ሳይክስ የሙስሊሙን ዓለም ኪነ ሕንፃ፣ ልብስና ለዛ ይወድ ነበር ማለት ይቻላል። ችግሩ፣ አንድን አገር መጎብኘትና ስለዚያ አገር ሕዝብ መወሰን በእሱ ዘንድ ልዩነት ያላቸው አለመምሰሉ ነው።

ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር ሌተና ኮሎኔል ነበር፤ ወደ ፈረንሳይ ግንባር ግን አልዘመተም። የጦር ሚኒስትሩ ሎርድ ኪችነር ስለ ኦቶማን ግዛቶች ዕጣ በሚመክር ኮሚቴ ውስጥ አስገቡት። በዲሴምበር 16 ቀን 1915 ሚኒስትሮቹ ፊት ቀርቦ ካርታ ዘረጋና ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ከዐካ ተነስቶ እስከ ኪርኩክ የሚደርስ መስመር ቢሰመር እንደሚሻል ተናገረ። ከመስመሩ በስተ ሰሜን ለፈረንሳይ፣ በስተ ደቡብ ለእንግሊዝ። ዕድሜው 36 ነበር። ሚኒስትሮቹ ዐረብኛና ቱርክኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው መስሏቸው ነበር፤ አልነበረም።

ከፈረንሳዩ ፍራንሷ ዦርዥ-ፒኮ ጋር የጨረሰው ስምምነት በሜይ 1916 በሁለቱ መንግሥታት ደብዳቤ ጸደቀ፤ የሩሲያም ይሁንታ ነበረበት። የሶሪያ ጠረፍና ሊባኖስ በቀጥታ በፈረንሳይ እጅ፣ ባግዳድና ባስራ በእንግሊዝ እጅ፣ በመካከል ያለው ሰፊ ምድር ደግሞ በስም ዐረባዊ ሆኖ በሁለቱ ተጽዕኖ ሥር እንዲሆን፣ ፍልስጤም በዓለም አቀፍ አስተዳደር እንድትያዝ ተዋዋሉ። ሁሉም በምስጢር ነው።

በዚያው ጊዜ በካይሮ የነበሩት የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር ሄንሪ ማክማሆን ለመካው ሸሪፍ ሑሴን፣ በኦቶማኖች ላይ ቢነሱ የዐረቦችን ነጻነት እንደግፋለን የሚል ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ሸሪፉ በጁን 1916 ተነሱ። በኖቬምበር 2 ቀን 1917 ደግሞ በፍልስጤም ለአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ መኖሪያ እንዲቋቋም የሚደግፈው የባልፎር ቃል ወጣ። ካቢኔው ያንን ሲያጸድቅ በደጅ ለሚጠባበቁት ለጽዮናዊው መሪ ለቻይም ቫይዝማን የምሥራቹን ያደረሰው ሳይክስ ነበር፤ አነጋገሩ ወንድ ልጅ ተወለደ እንደሚል አዋላጅ ነበር ይባላል። በዚያ ሰነድ ውስጥ የፍልስጤም ነዋሪ አሥር እጅ ቢባል ዘጠኙ የነበሩት ሙስሊምና ክርስቲያን ዐረቦች በስማቸው እንኳ አልተጠሩም፤ «አይሁድ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች» ተብለው ታለፉ። በዚያው ዓመት በማርች እንግሊዞች ባግዳድ ሲገቡ በጄኔራል ሞድ ስም የወጣውን፣ የመጣነው ነጻ አውጪ ሆነን ነው የሚለውን አዋጅ ያረቀቀውም ይኸው ሳይክስ ነው።

ለአንዱ ነጻነት፣ ለሌላው ድርሻ፣ ለሦስተኛው መኖሪያ። የሚሰጠው ምድር ግን አንድ ነው፤ ሰጪውም ባለቤቱ አልነበረም።

ምስጢሩ የወጣው በሩሲያ አብዮት ነው። ቦልሼቪኮች በኖቬምበር 1917 የዛሩን መንግሥት ውሎች በጋዜጣ አወጡ፤ ኦቶማኖችም ጊዜ ሳያጠፉ ዐረቦቹ የተሸጡ መሆናቸውን ነገሯቸው። ነጋሪዎቹም ግን ንጹሕ አልነበሩም። ጀማል ፓሻ በሜይ 6 ቀን 1916 በደማስቆና በቤይሩት ዐረብ ምሁራንና ታላላቅ ሰዎችን በአደባባይ ሰቅሎ ነበር፤ ስምምነቱ የጸደቀበት ወር መሆኑ ነው። ኡማው ያኔ የተወጋው ከውጭ ብቻ ነበር ብሎ መጻፍ ምቹ ነው፤ እውነቱ ግን ከዚህ ሰፋ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ። የዛሬው ድንበር የሳይክስ መስመር አይደለም። በእሱ ካርታ ሞሱል ለፈረንሳይ በተመደበው ክልል ውስጥ ነበረች፤ ክሌመንሶ በዲሴምበር 1918 ለሎይድ ጆርጅ ለቀቁለት። ፍልስጤም ዓለም አቀፍ መሆኗ ቀርቶ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ወደቀች። ለፈረንሳይ የተሰጠችው አዳና ዛሬ የቱርክ ናት፤ ቱርኮች ተዋግተው አስመለሷት። ሞግዚትነቱ የተከፋፈለው በኤፕሪል 1920 በሳን ሬሞ ጉባኤ ነው። አይ ኤስ የናደው የአፈር ክምር ያለበት ስፍራ በሳይክስ ካርታ ላይ ግራና ቀኙ አንድ ክልል ነበር! ሳይክስ-ፒኮን ፈረስን ያሉት ሰዎች ያፈረሱት ሳይክስ ያላሰመረውን ነው።

ታዲያ በደሉ የቱ ጋ ነው? በእኛ እምነት ከመስመሩ ይልቅ ባለመጠየቁ ላይ ነው። ሕዝቡ የተጠየቀበት አንድ ጊዜ አለ። በ1919 ፕሬዚዳንት ዊልሰን የላኳቸው ኪንግና ክሬን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሶሪያንና ፍልስጤምን ዞረው ከ1,800 በላይ አቤቱታ ሰበሰቡ። ብዙኃኑ የጠየቀው ነጻነትና ያልተከፋፈለች ሶሪያን ነበር፤ የጽዮናውያኑንም ዕቅድ ተቃወመ። ሪፖርቱ እስከ 1922 ሳይታተም ቆየ። እስከዚያ ነገሩ አልቆ ነበር፤ በጁላይ 1920 የፈረንሳይ ጦር በመይሰሉን የዩሱፍ አል-ዐዝማን ትንሽ ሠራዊት ደምስሶ ደማስቆ ገባ።

ይህ አሠራር ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በዲሴምበር 1906 ኢትዮጵያን ራሷን ሳያማክሩ በውስጧ ያላቸውን የጥቅም ክልል በውል ተከፋፍለዋል። የሳይክስ ውል በጸደቀበት ዓመትም እነዚሁ ሦስት ኃይሎች፣ ለሙስሊሙ ቀረበ፣ ለኦቶማንም አዘነበለ ብለው የሰጉትን ልጅ ኢያሱን በመቃወም በአዲስ አበባ ግፊት ያደርጉ ነበር፤ ልጅ ኢያሱ በሴፕቴምበር 1916 ከሥልጣን ወረደ።

ሳይክስ በ1918 መጨረሻ ወደ ሶሪያና ፍልስጤም ተመለሰ። ቃል የገባላቸው ወገኖች እርስ በርስ ሲፋጠጡ አየና የተጨነቀ ይመስላል። በዚያ ጉዞው ከአርመኖች እልቂት ተርፎ በሐለብ ስደተኛ ሆኖ የነበረውን ኦሃኔሲያንን አግኝቶ፣ የቁባ አስ-ሰኽራን ሸክላ ለማደስ ወደ ቁድስ እንዲሄድ አመቻቸለት። ይህ ከሠራቸው ሁሉ ደህናው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ከስቶ ወደ ፓሪስ የሰላም ጉባኤ ሄደ፤ በፌብሩዋሪ 16 ቀን 1919 በሆቴል ክፍሉ በዘመኑ ወረርሽኝ ሞተ። 40 ዓመት አልሞላውም። በ2008 ተመራማሪዎች የኢንፍሉዌንዛውን ቫይረስ ናሙና ፍለጋ መቃብሩን ከፍተው ነበር።

ስሌድሚር በቆመው የጦርነት መታሰቢያ ላይ ሳይክስ የመስቀል ጦረኛ የብረት ልብስ ለብሶ፣ ሰይፍ ይዞ ተቀርጿል። ከእግሩ ሥር አንድ ሙስሊም ወድቋል፤ ከበላዩ ኢየሩሳሌም ደስ እንዲላት የሚናገር የላቲን ጽሑፍ አለ። ባልንጀሮቹና አገሩ ሊያስታውሱት የፈለጉት እንዲህ ነው። ሸሪፍ ሑሴንም፣ የባግዳድ ሕዝብም ይህን ሥዕል አላዩም፤ ያዩት የነጻ አውጪነቱን አዋጅ ነው።

ወደ አምባሳደሩ ቃል እንመለስ። ባራክ ስህተቱ አይደገምም ከማለታቸው ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 2025፣ ፕሬዚዳንታቸው ዶናልድ ትራምፕ አሜሪካ ጋዛን ትረከባለች፣ ነዋሪዎቿም ወደ ሌሎች አገሮች ይሄዳሉ ብለው ነበር። የጋዛን ሰው ግን ማንም አልጠየቀም። በለንደን በኩል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ላሚ በጁላይ 2025 በተባበሩት መንግሥታት ቀርበው፣ በባልፎር ሰነድ ለፍልስጤማውያን መብት የተገባው ቃል አለመጠበቁንና ይህም የቀጠለ ታሪካዊ በደል መሆኑን ተናገሩ። በሴፕቴምበር 21 አገራቸው ለፍልስጤም መንግሥትነት ዕውቅና ሰጠች። ከባልፎር ቃል 108 ዓመት ሊሞላው ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ በዚያው ሳምንት የእስራኤል ታንኮች በጋዛ ከተማ ውስጥ እየገፉ ነበር።