ለማያምን ሰው ሚዛን አይሰጥም?

እዚህ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ያሉ አንድ የእህል ነጋዴ ሰሞኑን ሚዛን ላይ የሚሠራላቸውን ወጣት አሰናበቱት። ሰርቆ አይደለም፤ ሃይማኖቱን ቢጠይቁት «የለኝም» ስላላቸው ነው። «ፈጣሪውን ካልፈራ ከኔ ገንዘብ ምን ይከለክለዋል?» አሉ። አብረዋቸው ቡና የሚጠጡትም «እውነት ነው» አሉ። እኔ ተናድጄ ወጣሁ።

ልጁ ሲመዝን አይቻለሁ። በቆሎ ይዞ የሚመጣ ገበሬ የሚማረረው በጆንያ ነው፤ ነጋዴው «ለጆንያው» እያለ እንዳሻው ይቀንስበታል። ይህ ልጅ በቆሎውን ገልብጦ ባዶውን ጆንያ መልሶ ሚዛን ላይ ያወጣል፤ ባለቤቱን ጠርቶ ቁጥሩን ያሳየዋል፤ ያችኑ ብቻ ይቀንሳል። ደግሞስ «ጴንጤ ነኝ» ወይም «ኦርቶዶክስ ነኝ» ቢል ማን ያጣራ ነበር? እንጀራው እንደሚቋረጥ እያወቀ አልዋሸም።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች እንደምታውቁት አማኝ ነኝ። እምነት ብቻውን የምግባር ዋስ ነው ሲባል ግን ዛሬም አልቀበልም። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙልን፣ በ1931 እ.ኤ.አ. እዚሁ ነቀምቴ ያረፉት ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ የተሸጡ ሰው ናቸው። ሻጭና ገዢዎቻቸው ፈጣሪን የካዱ ነበሩ? በዚያ ዘመን ከሃዲ ከየት ይመጣል! ፍትሐ ነገሥቱ ራሱ ሰው ሁሉ ነጻ ነው ካለ በኋላ በጦርነት የተማረከውን ባሪያ ማድረግን ይፈቅዳል። ባርነትን በዐዋጅ የሻርነው በ1934 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ያንን የፍትሐ ነገሥት አንቀጽ ስናነብ የምናፍረው በምን ለክተነው ነው? በፈጣሪ ስም የተነገረውንም ልቡናችን እንዲመረምረው «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» ያሳስበናል። እዚህም የወለጋ ሽማግሌ ድንበር ያለፈን ሰው «ሰፉ!» (ነውር ነው!) ሲለው ዋቄፈታውም፣ ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም ይደነግጣል።

«ፈጣሪን የካደው ደርግስ?» ትሉኛላችሁ። የቦጂው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። እግዚአብሔር የለም ማለትም ማንንም ደግ አያደርግም፤ እዚህ ላይ አንከራከርም። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ምእመናኑን ጥዬ አልሄድም ማለታቸውን ሳስብ ግን እምነት የሚሰጠው ምን እንደሆነ ይገባኛል። ክፉና ደጉን ሳያምንም የሚለይ አለ፤ ደጉ ሞት ሲያስከትል ጸንቶ መቆም ግን የእምነት ፍሬ ነው እል ነበር።

እንዲህ እንዳልል ደግሞ በቀይ ሽብር ያለቁት ልጆች አሉ። በወፌ ላላ ተገልብጠው እየተገረፉ የጓደኛቸውን ስም ሳያወጡ የሞቱት ብዙዎቹ የማርክስ እንጂ የወንጌል አንባቢዎች አልነበሩም። ከሞት ወዲያ ዋጋ አልጠበቁም። እነሱን ያጸናቸው ምን ነበር?